ለጥቂት ሰዓት ያላነከሰው ፈረስ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ አጭር ክፍል ነው። አትሳቁ! ሁሌ እንደምለው አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው።

የፈረሴን የዳማውን የማንከስ ነገር ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ። አልመለስኩም። ምን ልበል? ተሻለው እንዳልል፣ አልተሻለውም። ባሰበት እንዳልል... ቆይ፣ ከመርፌው ልጀምር። ከጭንቅላቴ ያልወጣው እሱ ነው።

ዶክተሯ መጀመሪያ በሶምሶማ አስኬደችው። ደረቅ መሬት ላይ፣ በክብ። የግራ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቱ ብድግ ይላል። ይህን ታውቁታላችሁ፣ ስንቴ አውርቼዋለሁ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ከተረከዙ ከፍ ብሎ፣ በግራና በቀኝ፣ ነርቩ የሚያልፍበት ላይ ማደንዘዣ ወጋችው። ጠበቅን። ተረከዙን በእስክሪብቶ ጫፍ ጫን አደረገችው። ንቅንቅ የለም። «በሶምሶማ አምጣው» አለችኝ።

መጣ። ግራው አላነከሰም። ቀኙ አነከሰ! ክው አልኩ። እሷ ምንም አልመሰላትም፣ ጠብቃው ነበር። ናቪኩላር የሚሉት ይሄ የሰኮና ውስጥ ሕመም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የፊት እግሮች ነው የሚይዘው። የባሰበት ሲደነዝዝ ያኛው ብቅ ይላል። ማለት... ያን ሁሉ ጊዜ ቀኙም ያመው ነበር።

ቀኙንም ወጋችው። እና እዚህ ጋ ነው። ፈረሱ ሄደ። በቃ፣ ሄደ። እርምጃው ረዘመ። ተረከዙን አሳረፈ። ጭንቅላቱ ረጋ። ገመዱን ይዤ አብሬው እየሮጥኩ ድምፅ አውጥቼ ሳቅኩ። እሷ ከኋላ «ኧረ ቀስ! አልዳነም እኮ!» ትላለች። ሰምቻለሁ። ግን ደግሞ አልሰማሁም፣ ገባችሁ?

መርፌው ምርመራ ነው። ሕመሙ የት እንዳለ ማወቂያ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል፣ ለቀቀም። ማታ ላይ ያው ዳማው፣ ያው አጭር እርምጃ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰኮናው ውስጥ ወደ ተረከዙ ጀልባ የምትመስል ትንሽ አጥንት አለች። ትልቁ ጅማት በሷ ላይ ታጥፎ ያልፋል። እዚያ ሲታመም ፈረሱ ተረከዙን ይሰስታል፣ በሰኮናው ጫፍ ቀድሞ ይረግጣል። ራጅ የሚያሳያችሁ አጥንቷን ነው። ጅማቱ ቢጎዳ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በራጅ አጥንቷ የተበላሸች መስላ ብዙም የማያነክስ ፈረስ አለ። ራጁ ንጹሕ ሆኖ መራመድ የሚያቅተውም አለ። ይሄ እንዴት አያናድድም?

ጫማ ይደረግለት፣ ባዶ ሰኮና ይሁን የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካውም። ባለፈው እርስ በርስ ልትበላሉ ነበር። ሁለታችሁም ቡድኖች ግን በአንድ ነገር ትስማማላችሁ፦ የረዘመው ጫፍ ማጠር አለበት። ጫፉ ሲረዝም ሰኮናው ከመሬት ለመነሳት ይዘገያል፣ ጅማቱም አጥንቷን ይጫናታል። ችግሩ ሰኮና በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። አንዳንዴም ከዚያ በታች። ሞርደህ ትጠብቃለህ። እንደገና ሞርደህ ትጠብቃለህ። እኔ ደግሞ ትዕግሥቴን ታውቁታላችሁ፤ የዚህን ፖድካስት መግቢያ ሙዚቃ ስንቴ እንደቀየርኩ ታዛቢ ናችሁ።

የሕመም ማስታገሻው አለ፣ ፊኒልቡታዞን። ይሠራል። ሲቆይ ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ስቴሮይድ መገጣጠሚያው ውስጥ መውጋትም አለ፤ ለወራት የሚይዝለት ፈረስ አለ። ከዚያ በመጨረሻ የሚነሳው ነርቩን መቁረጥ ነው። ያን የሳቅኩበትን እርምጃ ለረጅም ጊዜ ይሰጠኛል ማለት ነው። ሲሉት ቀላል ነው። ግን ምስማር ቢወጋው አያውቅም። ሰኮናው ውስጥ መግል ቢይዝ አያውቅም። የተጎዳው ጅማት ሕመም የሚባል ከልካይ ስለሌለው ሊበጠስ ይችላል። ነርቩም ከጊዜ በኋላ መልሶ ሊያድግ ይችላል።

እና የሚያስጨንቀኝ... ያን ቀን የሳቅኩት ለማን ነው? ለሱ ነው? ወይስ ማንከሱን አለማየት ለኔ ዕረፍት ሆኖልኝ ነው? ለሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ሕመም አልነበረውም እኮ፣ ያ ውሸት አይደለም። ለጥቂት ሰዓት በትክክል አልታመመም። ግን እንደዚያ ካልኩ ነርቩ ይቆረጥ ማለት ይመጣል። እሱን ደግሞ... አይ።

አንዳንዶቻችሁ «አሳርፈው፣ አትጋልበው፣ በቃ» ብላችኋል። እየጋለብኩት አይደለም! ይሄን ስንቴ ልበል? ይቅርታ፣ ጮህኩ። መስክ ላይ ነው ያለው። ዶክተሯ ራሷ ጋጣ ውስጥ አትዝጋበት ነው ያለችው፤ ለስለስ ያለ መሬት ላይ ቀስ እያለ ቢራመድ ይሻለዋል።

ቀዶ ሕክምናውን እምቢ አላልኩም። እሺም አላልኩ። መጀመሪያ ጫፉ ይጠር፣ ከዚያ እናያለን ብያታለሁ። ኤምአርአዩንም... እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ በማደንዘዣ ይተኛ አይተኛ የሚለው። ኧረ እኔ እንጃ። ከተረከዙ ሥር ስለሚገባው ማንሻም ልነግራችሁ ነበር፣ ጅማቱን ያሳርፋል ይባላል፣ ግን ተረከዙን ራሱን ሲጫነው ደግሞ...