«ይህ መንገድ ያስወጣል?»

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣

አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቀው ሰፈር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ መንገድ ያስወጣል?» ብሎ ነው። ከተማችን በሰፋች ቁጥር «አያስወጣም» የሚለው መልስ እየበዛ መምጣቱ ያሳስበኛል።

የድሮ ሰፈሮቻችንን ማንም ባለሙያ አልቀየሳቸውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ወታደሩና ሠራተኛው ጎጆውን ቀለሰ፤ በመካከል እግር የረገጠው ቀጭን መንገድ ቀረ። ጠማማ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ የእሳት አደጋ መኪና አይገባበትም። ይህን አልሸፍንም። ነገር ግን ብዙው ያስወጣል፤ ውኃ የሚቀዳውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም የሚያቋርጠው በዚያው ነውና።

መርካቶን ደግሞ ተመልከቱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ አገሬውን ለይቶ ለማስቀመጥ የተቀየሰ ገበያ ነው። አሳቡ ክፉ ነበር። እርስ በእርስ የሚቆራረጡት ቀጥ ያሉ መንገዶች ግን ቀያሹ ከተባረረ በኋላም አሉ። ሱቁ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፤ መስመሩ ያው ነው። ግራ ቀኙ ካርታ የወጣበትን መንገድ መለወጥ ቤት እንደ ማፍረስ አይቀልም።

እኔ የምኖረው ከተማዋ ዳርቻ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ነው። ከኩሽናዬ መስኮት የጎረቤት ግቢ ዳቦ ቤት ይታየኛል፤ ዳቦው ሲወጣ ሽታው ይደርሰኛል። በበሩ ዞሬ ልሂድ ካልሁ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ በመካከላችን የቆርቆሮ አጥር አለ። አንድ ቀን አጥሩ ተቀድዶ አገኘሁት። ሰንበትበት ብሎ የተቀደደውን ስለታም ጠርዝ አንድ ሰው በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎታል፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች ሲያልፉ እንዳይቆርጣቸው ነው። በሰፈራችን ለነዋሪው ታስቦ የተሠራ መንገድ አሳዩኝ ብትሉኝ የማሳያችሁ ያቺን ቀዳዳ ነው።

አንድ በር ብቻ ያለው ሰፈር መኪናውን ሁሉ ወደ አንድ አስፋልት ያፈስሳል። አስፋልቱ ሲጨናነቅ እናሰፋዋለን፤ ስናሰፋው እግረኛ መሻገር ያቅተዋል፤ አቅም ያለው ደግሞ መኪና ይገዛል።

አሜሪካውያን በዚህ ቀድመውናል። ባሪንግተን-ሊ እና ሚላርድ-ቦል የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ እዚያ የማያስወጡ መንገዶች ግንባታ ጣሪያ የነካው በዚያው አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደነበር አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ አዳዲሶቹ ሰፈሮች መልሰው መገናኘት ጀመሩ። አስቀድሞ የተዘጋውን መክፈት ግን ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ገና እየቀየስን ስለሆነ እነርሱ ያመለጣቸው ዕድል በእጃችን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የከተሞችና የመኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን-ሀቢታት) በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲኖር ይመክራል። በእኔ እምነት ርዝመቱ ብቻውን አይበቃም፤ 18 ኪሎ ሜትር የማያስወጣ መንገድም መሥራት ይቻላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የማስፋፊያ ቦታ ፕላን ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጣታችሁን በእያንዳንዱ መንገድ ላይ አስኪዱ። አጥር ላይ ከቆመ፣ ካርታ ሳይወጣበት ለእግረኛ የሚሆን ሦስት ሜትር አስከፍቱ።

አመሰግናለሁ።