ነዳጅ ካልወጣው አይጠቅምም?

ውድ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተመራቂዎች፣

"አጠር ይበል" ተብያለሁ። እሞክራለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፤ ሳልተነፍሰው ከዚህ አልወርድም።

ሁላችሁም ደርሶባችኋል። ባክቴሪያ ፕሮቲኑን እንዴት አጥፎ ቅርጽ እንደሚያስይዝ ላጥና ብላችሁ ፕሮፖዛል ታስገባላችሁ። ገምጋሚው አንድ መስመር ጽፎ ይመልሰዋል፦ "ጥቅሙ ምንድን ነው?" በዓመቱ "አልጌ" እና "ነዳጅ" የሚሉ ቃላት ጣል ጣል አድርጋችሁበት ስትመለሱ ፊቱ ይበራል። አትሳቁ፣ ያደረጋችሁት እዚሁ አላችሁ።

እሺ፣ አልጌውን፣ ያንን ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን ፍጥረት፣ እንየው። አሜሪካኖች ከ1978 እስከ 1996 ከአልጌ ነዳጅ ለማውጣት የመንግሥት ፕሮግራም ነበራቸው። 3,000 ያህል ዓይነት ለቅመው ፈተሹ። አልጌን ናይትሮጅን ብትነፍጉት ዘይት ያጠራቅማል። ናይል ሬድ የሚባለውን ማቅለሚያ ጨምራችሁ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ስታዩት የዘይቱ ጠብታዎች ቢጫ ሆነው ያበራሉ፤ ዓይን ያማልላል። ችግሩ፣ ናይትሮጅን ያጣ አልጌ መባዛቱንም ያቆማል። ሴሉ ወፈረ፣ ጠቅላላ ምርቱ ግን አልጨመረም። ታዲያ የዘይት ሥራውን የሚያስጀምረውን ኢንዛይም፣ አሴቲል ኮኤ ካርቦክሲሌዝን፣ ጂኑን ጨምረው አበዙት። ኢንዛይሙ በዛ። ዘይቱ ንቅንቅ አላለም! በ2009 ደግሞ ኤክሶን ሞቢል እስከ 600 ሚሊዮን ዶላር አወጣለሁ ብሎ ገባ፤ በ2023 መጀመሪያ መተዉ ተሰማ።

ገንዘብ አንሶ ነው? አይደለም። ሴሉ ካርቦኑን ወዴት እንደሚልክ፣ በምን እንደሚቆጣጠረው በቅጡ ሳይታወቅ ነው ስለ በርሜል የተወራው።

አሁን ወደዚያ "የማይጠቅመው" የፕሮቲን ማጠፍ ጥናት እንምጣ። በ1991 ባርድዌል፣ ማክጋቨርንና ቤክዊዝ ኢ. ኮላይ በሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ዲኤስቢኤ የተባለውን ኢንዛይም አገኙ። ሥራው ሲስቴይን ከሚባሉት የፕሮቲን መገንቢያዎች ሁለቱን በሰልፈራቸው ማስተሳሰር ነው፤ ፕሮቲኑ የታጠፈበትን ቅርጽ እንዲይዝ። ባክቴሪያው እሱን ቢያጣ አይሞትም፤ መዋኘት ግን ያቅተዋል፤ የመዋኛ ጅራቱ፣ የፍላጄላው፣ አንዱ ቀለበት ያለዚያ እስር አይጸናምና። ባክቴሪያ በሚበቅልበት ለስላሳ ጄሊ፣ አጋር በሚባለው፣ ላይ ጠብ አድርጉት፦ ጤነኛው ክብ እየሠራ ይሰፋል፣ ይኼኛው ያረፈበት ላይ ተሰብስቦ ይቀራል። የኮሌራ ባክቴሪያም መርዙን አጥፎ የሚያወጣው በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ዛሬ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። በ1991 ይኼን ማን ቃል ገብቶ ነበር?

ጥቅሙን አስቀድሜ ባውቀው ኖሮ ለምርምር ብዬ ገንዘብ ለምን እለምናለሁ? ካታሎግ አይቼ አልገዛውም?

ስለ መሣሪያ ጥገናና ስለ ሥልጠናም ላነሳ ነበር። ለኮሚቴው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፣ ያንብቡት።

ተመራቂዎች፣ ነገ እናንተም ገምጋሚ ትሆናላችሁ፣ አይቀርላችሁም። ያኔ ጥያቄው ጥሩ ነው ወይ፣ ዘዴውስ ያስኬዳል ወይ ብላችሁ ፍረዱ። ነዳጁን ለነዳጅ ሰዎች ተዉት።

አመሰግናለሁ። ወደ መጀመሪያው ጥናት አቅራቢ እንለፍ።