99 ሰከንድ ሲቀር

እህቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ወንድሞችም አላችሁ፤ እንኳን መጣችሁ።

አስተባባሪዎቹ «ከሩጫው በፊት ስለ አንዲት ሯጭ ንገሪን» ሲሉኝ ሁላችሁም ደራርቱን እንደምትጠብቁ አውቄአለሁ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ላውራችሁ።

ጃስሚን ፓሪስ ትባላለች። እንግሊዛዊት ናት፤ ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። እንጀራዋ ሩጫ አይደለም። የምትለማመደው እንደ እኛው ነው፤ ልጆች ሳይነሱ፣ ሥራ ሳይገባ።

በፈረንጆቹ ጥር 2019 «ስፓይን» በሚባለው ውድድር ተሰለፈች። ርቀቱ 268 ማይል ነው፣ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴን የሚያልፍ መንገድ ማለት ነው፤ ያውም በክረምት፣ በተራራ፣ ሌሊቱ ረጅም በሆነበት ወር። በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረሰችው። ከሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ከወንዶቹም ቀድማ አንደኛ ወጣች፤ የነበረውን ክብረ ወሰንም በ12 ሰዓት አሻሻለች።

ልጇ ያኔ 14 ወሯ ነበር፤ ጡት አልጣለችም። ስለዚህ ጃስሚን ማረፊያ ጣቢያ በደረሰች ቁጥር ሌሎቹ ሾርባቸውን ሲጠጡ እሷ ጡቷን ታልብ ነበር። ከወሊድ ፈቃድ ሥራ የተመለሳችሁ ይህን ብዙ ሳላብራራ ይገባችኋል። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ያለበች በመካከላችን አለች፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ከዚያ ባርክሌይ የሚባለው ውድድር መጣ። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ነው። የማርቲን ሉተር ኪንግ ገዳይ ጄምስ ኧርል ሬይ በ1977 በዚያ አካባቢ ካለ እስር ቤት አምልጦ ነበር። ከሁለት ቀን በላይ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት የራቀው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጌሪ ካንትሬል ይህን ሰምቶ «እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እሄዳለሁ» አለና በ1986 ውድድሩን ጀመረ። አምስት ዙር ነው፣ 160 ኪሎ ሜትር ይባላል። ዳገቱ ሲደመር 18,000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ራስ ዳሽንን ከባሕር ወለል ተነስቶ አራት ጊዜ እንደ መውጣት። በመንገዱ ላይ ምልክት የለም፣ ጂፒኤስ ክልክል ነው። ጫካው ውስጥ መጻሕፍት ተደብቀዋል፤ ሯጭ ከየመጽሐፉ የደረት ቁጥሩን የያዘውን ገጽ ቀድዶ ካላመጣ ዙሩ አይቆጠርለትም። የጊዜው ገደብ 60 ሰዓት ነው። ማስጀመሪያ ተኩስ የለም፤ ካንትሬል ሲጋራውን ሲለኩስ ይሮጣሉ። ሴት ይህን ውድድር አትጨርሰውም ይል የነበረውም እሱ ራሱ ነው።

ጃስሚን በ2022 ሦስት ዙር ላይ አበቃች። በ2023 አራተኛውን ጀመረች፣ ለአምስተኛው አልበቃችም። በ2024 መጋቢት ውስጥ በ59 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ መድረሻው ላይ ያለውን ቢጫ በር ነካችና እዚያው ተዘረረች። የቀራት 99 ሰከንድ ነበር። ውድድሩን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ዓለም ያወራው ስለ 99ኙ ሰከንድ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን 2022 እና 2023 ነው። ሦስት ዙር ሮጣ ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ሰኞ ሥራዋ ገብታለች፤ ከዚያ ደግሞ ለልምምድ በጨለማ ተነስታለች። ለዚያውም በባርክሌይ የገንዘብ ሽልማት የለም፤ በጨረሰችበት ዓመት የወጣችውም አምስተኛ ነው። በወርቅ ለለመድነው ለእኛ አምስተኛ ማለት ዜና አይደለም።

ደራርቱም በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች። የመጨረሻውን ዙር ሁላችንም በቃላችን እንተርከዋለን። በእነዚያ በሁለቱ ዓመታት መካከል የነበሩትን ጠዋቶች ግን የሚተርክልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

በሉ፣ የእኛ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ካርታ አያስፈልግም፤ ሲጋራ የሚለኩስም የለም። የጫማችሁን ማሰሪያ እዩት።