የሦስቱ ጡት ወተት

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ባለፈው ክፍል ስለ ከብት መኖ፣ ስለ ፉርሽካና ፋጉሎ ዋጋ እንደምቀጥል ተናግሬ ነበር፤ ያንን ግን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ዛሬ ስለ ላሞች የግት በሽታ ልናገር። ምክንያቱም ላማቸውን ላክም የሄድኩላቸው አንዲት እናት የጠየቁኝ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። መልሱ ከባድ ሆኖብኝ አይደለም፤ መልሱንማ እዚያው ሰጥቻቸዋለሁ።

ቦታው ደብረ ብርሃን ዳር ነው። ላሟ የተዳቀለች ናት፤ ከኋላ በግራ በኩል ያለው የግቷ ክፍል አብጦ፣ ቀልቶ፣ እጅ ሲያርፍበት ይፋጃል፤ ስትነካም እግሯን ታነሳለች። መጀመሪያ የወጣውን ወተት በጥቁር ሳህን ላይ ሳልበው ቀጥኖ፣ በመካከሉ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ጓል ይታይበት ነበር። የየጡቱን ወተት ለየብቻ የምመረምርበትን ባለ አራት ጉድጓድ ሳህኔን አውጥቼ ሌሎቹንም መረመርኩ። የታመመው ጡት ወተት የመመርመሪያው ፈሳሽ ሲጨመርበት ወፍሮ ተዝለገለገ፤ የሦስቱ ግን ደህና ነበር።

ግቱን አሟጥጬ ካለብኩ በኋላ የጡቱን ጫፍ በአልኮል ጠርጌ የአንቲባዮቲኩን ቱቦ አስገባሁ። ሕክምናው 3 ቀን ይፈጃል፤ በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ እንደተጻፈው ደግሞ ከመጨረሻው ቱቦ በኋላ ባሉት 4 ቀናት የሚታለበው ወተት ለሰው መዋል የለበትም። ይህንኑ ነግሬያቸው «እማማ፣ እስከዚያ ድረስ ወተቱን ይድፉት» አልኩ።

እርሳቸውም ማለቢያውን እንደያዙ «ዶክተር፣ የታመመው አንዱ ጡት ነው፤ የሦስቱ ወተት ምን አጠፋና ነው የምደፋው?» አሉኝ።

መድኃኒቱ ከታመመው ጡት ወደ ደም እንደሚገባ፣ በደም በኩልም ወደ ሌሎቹ ጡቶች እንደሚደርስ፣ ስለዚህ የአራቱም ወተት እንደሚደፋ አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ለጥጃው ላጠጣው?» አሉ። ያም እንደማይበጅ ነገርኳቸው፤ በወተቱ ውስጥ ያለው የመድኃኒት ቅሪት በጥጃው አንጀት ውስጥ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበረክቱ ያደርጋልና። «ይሁን፣ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። ላሟ በቀን 10 ሊትር ያህል ትታለባለች፤ ስለዚህ በሰባቱ ቀናት 70 ሊትር ድፉ ማለቴ ነው። የፉርሽካውም፣ የፋጉሎውም፣ የመድኃኒቱም ዋጋ የሚወጣው ከዚሁ ወተት ነው። እዚያ በረት ውስጥ ከቆምነው ሁሉ አንድ ነገር የከሰሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔ እንኳ የሥራዬን ተቀብያለሁ።

ላሟን ለማየት ስመለስ እብጠቱ ጎድሎ፣ ወተቱም ጠርቶ አገኘሁት። እማማ ግን ሌላ ነገር አሳስቧቸው ነበር። «እርጎው እምቢ አለኝ፤ ወይራውን አብዝቼ ያጠንኩት መሰለኝ» አሉና ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ። ወተቱ ሳይረጋ፣ ሳይጎመዝዝም እንዳለ ተቀምጧል። ጥፋቱ የወይራው ጭስ እንዳልነበረ ገባኝ። እርጎን የሚያረጉት ራሳቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በግቱ ውስጥ ያለውን ጀርም የሚገድለው መድኃኒት በወተቱ ውስጥ ከቀረ እነርሱንም ይገድላል ወይም ያዳክማል።

መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ልናገርም አፌን ከፈትኩ። እርሳቸው ግን ቀደም ብለው «ለገበያ አላወጣሁትም፤ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ለቤት ነው ያስቀረሁት» አሉኝ። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ምክሩን ሰምተዋል፤ ለሌላ ሰው ልጅ ተጠንቅቀዋል፤ ለራሳቸው የልጅ ልጅ ያስቀሩት ወተት ግን መድኃኒት ያለበት ነው። እንደ ፔኒሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ የማይስማማው ሰው ከቅሪቱም ሊታመም እንደሚችል፣ ማፍላትም ጀርሙን ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን ለማስወገድ እንደማይታመን በዝግታ አስረዳኋቸው። ለገበያ ቢያወጡትስ ማን ይይዘው ነበር? እኔ በማውቃቸው የወተት መሰብሰቢያ ቦታዎች የሚደረገው የአልኮልና የላክቶሜትር ምርመራ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ወተቱ መበላሸቱን ወይም ውሃ መጨመሩን ያሳያሉ እንጂ አንቲባዮቲክን አያሳዩም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገርም አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። በየበረቱ የማየው ይህንኑ ነው፤ ወተቱ በሁለተኛው ቀን ሲጠራ ሦስተኛው ቱቦ ለሌላ ላም ይቀመጣል። በአንጻሩ፣ ቱቦው ጨርሶ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ኢ. ኮላይ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚመጣ ቀለል ያለ የግት በሽታ ብዙ ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን በግቱ ውስጥ ሰንብቶ ከተደበቀ ቱቦ ቢደጋገምለትም አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ወተቱ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 ጀምሮ አንቲባዮቲክን በልማድ ለመከላከያ መስጠት በሕግ ተከልክሏል። እኛ ዘንድ ላቦራቶሪው ከበረቱ ሩቅ ነው፤ የመድኃኒት መደብሩ ግን ቅርብ ነው።

በሽታውን ለመከላከል ከማለብ በፊት እጅን መታጠብ፣ ለእያንዳንዷ ላም የተለየ ጨርቅ መያዝ፣ ከታለቡ በኋላ ጡቶቹን አዮዲን ውስጥ መንከር፣ የታመመችውን መጨረሻ ማለብ፤ ይህን ስደጋግመው ሰምታችኋልና አላስረዝመውም።

የሚከነክነኝ የ70ው ሊትር ጉዳይ ነው። ወተቱን የሚጠጣው ከተማው ነው፤ የሚጠበቀውም የከተማው ጤና ነው፤ የሚደፋው ግን ከአንዲት ሴት ማለቢያ ነው። የወተት ማኅበሩ በሐኪም ማስረጃ የተደፋውን ወተት ግማሽ ዋጋ እንኳ ቢሸፍን፣ አባላቱም በየሊትሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡለት ብዬ አሰብኩ። ለአንድ የማኅበር ሰው ሳነሳው «ሁሉም ላሜ ታመመች ቢልስ?» አለኝ፤ ማስረጃውን የምጽፈው እኔ ነኝና ይህን ልከላከል እችላለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ማስረጃው ገንዘብ ካመጣ፣ ሳያስፈልጋት ቱቦ የሚገባላት ላም አትበዛም ወይ? እንዲያ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን ልንቀንስ ተነስተን ልናበዛው ነው። ምናልባት ክፍያው ከምርመራው ውጤት ጋር ቢታሰር… እሱም ቢሆን ላቦራቶሪው እስኪመልስ ድረስ ላሟ በየቀኑ ትታለባለች፤ ያንን ወተት እስከዚያ ማን…