የሳይት ኢንሹራንስ፦ ወረቀቱ ላይ ምን እንይ?

(ስክሪን ላይ፦ በአጠና መወጣጫ የተከበበ ባለ አምስት ፎቅ። ላዩ ገና በግንባታ ላይ ነው፤ ምድሩ ላይ ግን ሱቅ ተከፍቷል።)

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ኮንትራክተር ከሆናችሁ፣ ወይም ኮንትራክተር ቢሮ ውስጥ ፋይል የምትይዙ ከሆነ ይህ ቪዲዮ ይመለከታችኋል።

ውል ተፈረመ እንበል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ግንባታውን የሚቆጣጠረው አማካሪ «ኢንሹራንሱስ የታለ?» ይላል። ተሯሩጣችሁ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን ወረቀት፣ ታወጣላችሁ። ኮፒው ለአማካሪው ይሄዳል፣ ዋናው ቢሮ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሥራው ግን ይቀየራል። ጊዜ ይራዘማል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ሠራተኛ ይበዛል። ወረቀቱ የመጀመሪያው ቀን ላይ እንደቆመ ነው። ካሳ ሲጠየቅ ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር ቶሎ እናጥራ። የጨረታ ማስከበሪያ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ የቅድመ ክፍያ ዋስትና፤ እነዚህንም ኢንሹራንስ ኩባንያ ስለሚሰጣቸው ኢንሹራንስ ይመስላሉ። እነዚህ ግን ቦንድ ናቸው፤ ቦንድ የሚጠብቀው አሠሪውን፣ ማለትም ግንባታውን የሚያሠራውን ባለቤት፣ ነው። ኩባንያው ለአሠሪው ከከፈለ ዞሮ እናንተን ይጠይቃል። ለብቻው ፋይል ክፈቱለት።

(ስክሪን ላይ፦ የፖሊሲ የመጀመሪያ ገጽ። ስም፣ ቀን እና የተሸፈነው ገንዘብ በቀይ ተከበዋል።)

አሁን ወደ ዋናው፦ ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ፣ ባጭሩ ካር ፖሊሲ። እየተሠራ ያለውን ግንባታና ሳይት ያለውን ማቴሪያል ይሸፍናል። በሥራው ምክንያት ሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ክፍል አለው።

ስሙን እዩ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠሩ አነስተኛ ሥራዎች መደበኛ ውል ኢንሹራንሱ በአሠሪውና በተቋራጩ የጋራ ስም እንዲሆን ይጠይቃል። ከሥራ መጀመሪያ ቀን ከርክክብ በኋላ እስካለው የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ መጨረሻም መቆየት አለበት። ካላቀረባችሁ አሠሪው ራሱ ገዝቶ አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ዋጋ፣ ከክፍያችሁ ሊቀንስ ይችላል። የእናንተ ውል ሌላ ዓይነት ከሆነም የኢንሹራንስ አንቀጹን ከፖሊሲው ጎን አስቀምጣችሁ መስመር በመስመር አነጻጽሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቀኑ ላይ ትንሽ እንቆይ። ውሉ 18 ወር ነበር፤ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ክፍያ ዘገየ፣ ስምንት ወር ተጨመረ። አማካሪው የጊዜ ማራዘሚያውን ደብዳቤ የሚጽፈው ለእናንተ ነው። ኢንሹራንሱ ስለ ማራዘሚያው የሚሰማው እናንተ ስትነግሩት ብቻ ነው። ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ፖሊሲውንም ቦንዱንም ለማራዘም ጻፉ።

ከዚህ የባሰው ሥራ ሲቆም ነው። በተለመደው የካር ፖሊሲ ውስጥ ሥራ በሙሉም ሆነ በከፊል ከመቆሙ ጋር የተያያዘ ጉዳት አይሸፈንም። ዘበኛ ብቻ የቀረበት ሳይት ላይ ጎርፍ ቢገባ፣ ፖሊሲው ቀኑ ባያልፍም ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። ሥራ ልታቆሙ ከሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በምን ሁኔታ ሽፋኑ እንደሚቀጥልም በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ «ችግር የለም» መባል ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ ያያችሁት ሕንፃ ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። ባለቤቱ ላዩ ሳያልቅ ምድሩን አከራይቷል። አገልግሎት ላይ የዋለ ክፍል ከካር ፖሊሲው እየወጣ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ እሳት ቢነሳ ማን ሊከፍል ነው? ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት የከፊል ርክክብ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ለኢንሹራንሱም አንድ ኮፒ ላኩ።

ገንዘቡስ? የተሸፈነው መጠን ከሥራው ሙሉ ዋጋ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ማቴሪያል፣ ጉልበት፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ ሁሉ ተደምሮ። 100 ሚሊዮን ብር ብላችሁ ገብታችሁ፣ በዋጋ ማስተካከያ ሥራው 160 ሚሊዮን ደረሰ እንበል። አንድ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ተደርምሶ የ8 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ የሚከፈላችሁ ሽፋኑ ከሥራው ዋጋ ባለው ድርሻ፣ ማለትም 100 ለ160፣ ተሰልቶ ነው። የምታገኙት 5 ሚሊዮን ነው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ በፖሊሲው የተጻፈው ተቀናሽ፣ ማለትም ራሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ፣ ይነሳል። የዋጋ ማስተካከያ በጸደቀ ቁጥር ሽፋኑን አስጨምሩ።

ቤዝመንት የምትቆፍሩ ደግሞ ይህን ስሙ። በንዝረት ወይም ደጋፊ አፈር በመነሳቱ የጎረቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ለብቻው ካልተጨመረ በስተቀር ካር ፖሊሲው አይከፍልም። አዲስ አበባ ውስጥ አጥር ለአጥር እየተጠጋጋን ስንቆፍር ይህን መዝለል ድፍረት ነው። ተጨማሪውን ሽፋን አስገቡ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ባለቤቱ ባለበት ፎቶ አንሱ፤ የነበረውን ስንጥቅ መዝግባችሁ አስፈርሙ።

(ስክሪን ላይ፦ የጠዋት ስም መጥሪያ።)

የራሳችሁ ሠራተኛ ካር ፖሊሲው ውስጥ የለም። ለእሱ የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው፣ እዚህ ላይ እናንተ፣ ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ይጠየቃል። በጡረታ ያልታቀፈ ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከደረሰበት ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር 8,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 480,000 ብር ማለት ነው።

አረቦኑ የሚሰላው ባስመዘገባችሁት ደመወዝ ነው። 40 ሰው አስመዝግባችሁ ሳይት ላይ 120 ከተገኘ ጥያቄ ይነሳባችኋል። የቀን ሠራተኛውን ስም በየጠዋቱ መዝግቡ፤ ፎርማኑ በቃሉ ስለሚያውቃቸው ብቻ አይበቃም። ንዑስ ተቋራጭ ካለም የራሱን ፖሊሲ ኮፒ ሳታዩ አታስገቡት።

ታርጋ ያለው ሲኖትራክም የራሱ የሞተር ኢንሹራንስ አለው፤ የሦስተኛ ወገኑ በሕግ ግዴታ ነው። ኤክስካቫተር ግን ካር ፖሊሲው ላይ በስም ካልተዘረዘረ ለብቻው ይገባለታል።

አደጋ ከደረሰስ? የንግድ ሕጉ ጉዳቱን ባወቃችሁ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ እንድታሳውቁ ይላል። በጽሑፍ አሳውቁና የተቀበለበትን ማኅተም ያዙ። ስርቆት ከሆነ ወዲያው ፖሊስ ጋ ሂዱ። የተደረመሰውን የኢንሹራንሱ መርማሪ ሳያይ አታንሱት፤ ለሰው አደገኛ ከሆነ ግን ፎቶና ቪዲዮ ይዛችሁ አንሱ።

ርክክብና የጉድለት ማስተካከያው ጊዜ ሲያልቅ ፖሊሲው ያበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ግን ተቋራጩን ለግንባታው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ፖሊሲውን፣ ማራዘሚያዎቹን፣ የአርማታና የብረት ፍተሻ ውጤቶቹን እስከዚያ አትጣሉ። ስካን አድርጋችሁም ያዙ፤ ቢሮ መቀየር ያለ ነው።