የትኛው 1928?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ቤቱ እድሳት ልነግራችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይቆየን። ካለፈው እሑድ ጀምሮ አንድ ፎቶግራፍ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል።

የድሮ ታንክ ፎቶግራፎችን እንደምወድ ታውቃላችሁ። በተለይ እንግሊዞች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያነሷቸውን። ታንኩ የራሰ ሣር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣ ያደረገ መሐንዲስ ከጎኑ፣ እንደ ሙሽራ። ያኔ ታንክ ምን መምሰል እንዳለበት ገና አልተወሰነም ነበር፤ የሚማርከኝም ይህ ነው። ከመካከላቸው «ኢንዲፔንደንት» የሚባለው አምስት የሚሽከረከሩ ማማዎች ነበሩት፣ ስምንት ሰው ይይዛል። ገንዘብ ስላልነበረ አንዱ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። በሌላ በኩል ማርቴል የሚባል መኮንን በፈረንጅ 1925 በገዛ ጋራዡ ውስጥ የአንድ ሰው ታንክ ገጣጠመ፤ ከመኪና ዕቃዎች። ርካሽ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ ብዙ ይሁን የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተነሥቶ ሰር ጆን ካርደንና ቪቪያን ሎይድ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ታንክ ሠሪዎች ዘንድ ደረሰ።

ለአባቴ የወሰድኩለት ፎቶግራፍ የእነርሱን ሥራ የሚያሳይ ነው። ካርደን ሎይድ ማርክ 6። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከሃያ ብዙም አይበልጥ፣ ክብደቷ አንድ ቶን ተኩል ገደማ፣ ጣሪያ የላትም። ሁለት ወታደሮች አንገታቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። አንደኛው ይስቃል። ሳቁን ስለወደድኩት ነው በወረቀት ያሳተምኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እሑድ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። የአባቴ መነጽር እንደ ልማዱ ጠፍቶ፣ እንደ ልማዱ ጋቢው ውስጥ ተገኘ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አራቀው፣ አቀረበው። ጣቱን በሚስቀው ልጅ ትከሻ ላይ አስኬደ፣ በሰንሰለቱ ላይ አስኬደ፣ ከዚያ ከሥር የተጻፈው ቁጥር ላይ አቆመ። 1928 ይላል።

«ሃያ ስምንት» አለ።

ሲኒውን አስቀመጠ። ድምፁን ልነግራችሁ አልችልም። «አባቴ ያየው ይህንን ነው?»

እኔም ወዲያውኑ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ «አይደለም አባዬ፣ የፈረንጅ ቁጥር ነው። በእኛ 1920 መሆኑ ነው» አልኩት።

ጣቱን ቀስ ብሎ ከወረቀቱ ላይ አነሣ። «አሃ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ ስለ ጎረቤት አጥር ተወራ።

ሳምንቱን ሙሉ ወደዚያች «አይደለም» እመለሳለሁ። ምን አስቸኮለኝ? አያቴ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ከጎጃም ወደ ሽሬ እንደዘመተ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። በእኛ ቤት «ሃያ ስምንት» ሲባል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ወረራው ነው። አባቴ ያንን ዓመት በእጁ ይዞ ነበር፣ እኔ ነጠቅሁት። እንዲያውም በዓመቱ ተሳሳተ እንጂ በነገሩ አልተሳሳተም። ጣሊያኖች ያችን ታንክ ከእንግሊዝ ገዝተው፣ አንሳልዶ የሚባለው የጄኖቫ ኩባንያ ሐሳቡን ተከትሎ የራሱን ሠራ፤ ጣሪያና ወፍራም ብረት ተጨመረለት። ሽሬ የመጣው እሱ ነው። የሥጋ ዘመዷ ነው እንጂ እሷው አይደለችም፤ ይህንን ላስረዳው ይገባ ነበር። ወይም ዝም ልል።

በነገራችን ላይ፣ በፈረንጅ 1933 አንድ የእንግሊዝ መኮንን ምስጢር ለጀርመን ሸጠ ተብሎ በለንደን ግንብ ታስሮ ነበር። ከምስጢሮቹ አንዱ የዚያ የባለ አምስት ማማው ታንክ ነው፤ አንድም ጦርነት ያላየው። ትንሿ ግን በግልጽ ገበያ ትሸጥ ነበር። ፖላንድ ገዛ፣ ሶቪየት ገዛ፣ ጣሊያን ገዛ። ይህንን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ በማን ላይ እንደምናደድ ይጠፋብኛል። በሚስቀው ልጅ ላይ ነው? እሱ እኮ ምን ያውቃል።

ካርደንም አያውቅም። ኅዳር 30 ቀን 1928፣ በእኛው 1928 ማለቴ ነው፣ ከብራስልስ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ። አውሮፕላኑ የጣሊያን ንድፍ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 5፣ የራስ እምሩ ሰዎች ሽሬ አካባቢ፣ ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ከበቡ። እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምናልባት ምንም አይሉም።

አያቴ ስለዚያ ቀን ብዙ አላወራም ይባላል። አባቴ የያዘለት አንድ ነገር ነው፤ «ፊቱን እንጂ ጀርባውን አያይም።» ልጅ ሳለሁ ተረት ይመስለኝ ነበር። አሁን ፎቶግራፉን ሳየው እውነት ነው፤ የሚሽከረከር ማማ የለም፣ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ነው የተተከለው፣ ርካሽ እንዲሆን። ከኋላ የመጣን ሰው ምንም አያደርገውም። ስለዚህ ከኋላ ሄዱበት። በዓመታት ፎቶግራፍ ማየት ያልገባኝን አያቴ ገደል ዳር ሆኖ አይቶታል። ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችን እናውቃለን፤ አውሮፕላኑን፣ ጭሱን። እሱን ዛሬ አልችልም።

ትናንት አባቴ ደወለ። ስለ መድኃኒቱ አውርተን ልንዘጋ ስንል፣ «እንዲያው የዚያችን ጀርባዋን ያነሣ ሰው የለም?» አለኝ። ፈልጌ እነግርሃለሁ አልኩት።

አለ። ሌሊት አገኘሁት። ሣሩ ላይ ቆማ ከኋላዋ የተነሣችበት፣ የወታደሮቹ ፊት የማይታይበት። አሳትሜዋለሁ፣ አሁን እዚህ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ነው። ከሥሩ ግን ያው ቁጥር አለ፣ 1928። መቀሱንም አምጥቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እያነሣሁ አስቀምጠዋለሁ፤ ብቆርጠው፣ መቼ ነው የተነሣችው ብሎ ቢጠይቀኝስ…