ዱቄቱን ስጡን፣ ፎቶውን ተዉልን

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ጎንደር)

የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከቀበሌ የመጣችሁ እንግዶች፣ ለዘመን መለወጫ ድጋፍ ልታደርጉ የተሰባሰባችሁ ነጋዴዎችና ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ የኑሮ ውድነት ነው። እናገራለሁ። ግን ኑሮ መወደዱን ለእናንተ ምን ብዬ ልንገር? ቅዳሜ ገበያ አብረን ነው የምንወጣው። እዚህ የተቀመጠች እናት ሁሉ የጤፉን ዋጋ ከኔ በላይ ታውቃለች። የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዘይቱ የት እንደደረሰም ታውቃለች። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሽንኩርቱ ምን እንደሚሆንም አይታለች።

አንድ ነገር ብቻ ልበል። ትንሽ ብር ያለው ሰው ብዙ ይከፍላል። ኩንታል መግዛት የሚችል በኩንታል ዋጋ ይገዛል። እኛ በኪሎ፣ ሲብስም በጣሳ እንገዛለን። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ከሰሉን በፌስታል፣ ሽንኩርቱን በመደብ፣ በርበሬውን በማንኪያ። ወር ሙሉ የገዛነውን ብንደምረው ከባለኩንታሉ በላይ ከፍለናል፤ ቤታችን የገባው ግን ከሱ ያንሳል። ይህን ሒሳብ የማያውቅ ሰው «ድሃ ብር አያያዝ አያውቅም» ይላል። ብር አያያዝ መማር የፈለገ ሰው እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን እናቶች ይጠይቅ! ከጤፍ ጋር የፎገራ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ የደምቢያ ዳጉሳ እያመጣጠኑ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው።

ሽሮውም እንደዚያው ነው። ሽንብራ ሲወደድ ጓያው ይበዛበታል። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ርካሽ ነው፣ ክፉ ቀን ያሳልፋል። ግን ወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። የደምቢያ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሐኪሞችም ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ድረስ ወርደው አጥንተውታል። እናት ይህን እያወቀች ሽሮዋ ላይ ጓያ የምትጨምረው ምርጫ ስላጣች ነው።

ጾም ለኛ እረፍት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ የማንም ድስት አይመረመርም። ሽሮ ሀብታሙም ይበላል። ሙስሊም ጎረቤቶቼም የረመዳንን ነገር እንዲሁ ይነግሩኛል፤ ለማፍጠሪያ ሳህን ከቤት ቤት ይሄዳል፣ ማን ሰጠ ማን ተቀበለ የሚል የለም። ጭንቁ በዓሉ ሲመጣ ነው። የሰው ሁሉ ቤት ሲሸት ያንቺ ዝም ያለ ቀን ነው ልጅ የሚጠይቅሽ።

እርዳታ የሚመጣውም ያኔ ነው። እኔም ዛሬ የቆምኩት ለዚህ ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት፣ የፋሲካ ሰሞን ነው። አንድ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ ለአቅመ ደካሞች ዱቄትና ዘይት ይሰጣል ተብሎ ተመዘገብን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ኑ ተባልን፤ ከዚያ በፊት ደረስን። ባነሩ እስኪሰቀል ጠበቅን። ድምፅ ማጉያው እስኪመጣ ጠበቅን። እንግዶቹ እስኪመጡ ጠበቅን። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። የሕማማት ሳምንት ስለሆነ አብዛኞቻችን ምንም አልቀመስንም። ዱቄቱ እዚያው ፊታችን ተከምሯል። ሰጥተው ቢያሰናብቱን በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነበር።

በመጨረሻ እንግዶቹ መጡ። ንግግር ተደረገ። ተሰለፍን። ከኔ ፊት አንዲት ሰማንያ የተጠጉ እናት ነበሩ። ባለሙያ ሴት ናቸው፤ በደህናው ጊዜ የስንቱን ሰርግ ወጥ የሠሩ፣ ማንም ቤት ገብተው እጃቸውን ለልመና ዘርግተው የማያውቁ። ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ካሜራ የያዘው ልጅ «እማማ፣ ነጠላውን ወደ ኋላ ያድርጉልኝ፣ ፊትዎ አይታይም» አላቸው። ዝም አሉ። ደገመላቸው። ዝም አሉ። ይሄኔ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ መጣና ነጠላቸውን በእጁ ገለጠው።

የሰው እናት ነጠላ! ጎንደር ላይ! በአደባባይ! ለአምስት ሊትር ዘይት!

ማንም ምንም አላለም። ምክንያቱም ሁላችንም ተራችንን እየጠበቅን ነበር። የተራበ ሰው ተራው እስኪደርስ አይናገርም፤ ይህንንም የሚሰጡት ያውቁታል።

የኔም ተራ ደረሰ። ዘይቱን አንድ ጫፍ እኔ፣ አንድ ጫፍ እንግዳው ይዘን ወደ ካሜራው እንድናይ ተደረግን። እንግዳው ወደ ጎን ስላዩ ድገሙት ተባለ። ዘይቱን መለስኩ፤ እንደገና ተቀበልኩ። ፈገግ በይ ተባልኩ። ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ወጣን፤ ሁላችንም፣ ከነፊታችን፣ ከነሰፈራችን ስም።

ልጄ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲከፈት አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ለክፍሉ አዞረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ቀረ፤ «ዘይቷ» አሏት። ለኔ አልነገረችኝም። እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ዘይት የተሠራ ወጥ አልበላም አለች። ለምን ስላት ሆዴን ያመኛል ትላለች። ዘይቱ ጓዳ ተቀምጦ ልጄ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ እያጠቀሰች በላች። ነገሩን የነገረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ እሷም እያለቀሰች።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ያ ዘይት ለማን ተሰጠ?

የሚሰጡትን ጠይቄያለሁ። ለሪፖርት ነው ይላሉ። ገንዘብ ያዋጣው ሰው ማስረጃ ይፈልጋል ይላሉ። ማስረጃ መፈለጉ ትክክል ነው፣ እኔም እፈልጋለሁ። በሰኔ 2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ በመላው አገሪቱ የእህል እርዳታ ያቆሙት ለምን ነበር? እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ እየተሸጠ ነው ተብሎ ነው። የበላው ሌላ፣ ወራት ጦሙን ያደረው ተረጂው። ታዲያ ያ እህል ሲጠፋ ካሜራ አልነበረም? ካሜራማ ሞልቶ ነበር! ፎቶ ሌባ አይዝም። ሌባ የሚይዘው መዝገብ ነው፣ ፊርማ ነው፣ መጋዘን ገብቶ መቁጠር ነው።

ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ አይተናል። የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ በ11 ከተሞች ሲጀመር ጎንደር አልነበረችበትም፤ በሁለተኛው ዙር ገባን። እኔም መንገድ ጠርጌበታለሁ፣ ችግኝ ተክዬበታለሁ። ክፍያው በባንክ ደብተራችን ገባ። ከላዩ 20 በመቶ ቆጥቡ ተባልን፣ ቆጠብን። መዘግየት ነበረው፣ ብሩም ገበያውን አልተከተለም፣ ይህን ደጋግመን ተናግረናል። ግን ባንክ ስሄድ እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰልፌ ነው የወጣሁት። ማንም ዘይት አስይዞ ወደዚህ እይ አላለኝም። ሒሳቡ ግን እስከ ሳንቲሟ ይታወቃል።

የ1977ን ረሃብ የምታነሱብኝ አላችሁ። ካሜራ ባይኖር ያ ሕዝብ ያልቅ ነበር ትላላችሁ። እውነት ነው። መስከረም ላይ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት እያከበረ፣ ረሃቡን ሸሽጎ ይዞት ነበር። ጥቅምት ላይ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ወርዶ የቀረጸው በቢቢሲ ሲታይ ነው ዓለም የነቃው። እኔ እሱን አልቃወምም። የተሸሸገ ረሃብ ይታይ፣ ይጮህ። የኔ ችግር ግን ከማን ተሸሽጓል? ቀበሌው ስሜን መዝግቦ ይዟል። እድሩ ያውቀኛል። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩ ላይ አለሁ። ፎቶዬ ለማን ምን አዲስ ነገር ይነግራል? የሰጪውን ደግነት ብቻ ነው የሚናገረው!

እኛ እኮ መስጠት እናውቃለን። ይህ እድር ስንት ዓመት ሰው ሲቀብር ኖሯል። ሐዘን ቤት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ብር በፖስታ እንሰጣለን። ባሏን ለቀበረች ሴት ፖስታውን ስንሰጥ «ወደ ካሜራ እዪ» ያልናት አለች? አንድ ሰው ያን ቢሞክር ዳኛችን ምን ያደርጉት ነበር? ከሰፈር ነበር የምናስወጣው! ሒሳባችን ግን በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል፣ ዛሬም ጠዋት ሰምታችሁታል። ለሞተብን ሰው ቤተሰብ ያለን ክብር ለራበው ሰው ለምን ያንሳል?

ሌሎችም ነገሮች ነበሩኝ፤ በአጭሩ ልበላቸው። እርዳታ የሚመጣበት ቀን ይታወቅ። ቀኑን ያወቀች እናት ብድሯን ታቅዳለች፤ ያላወቀች በወለድ ትበደራለች። ደግሞ ለበዓል ብቻ አትምጡ። ሰኔና ሐምሌ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የገጠሩ ጎተራ ሲራቆትና ገበያው ሲሰቀል ነው ሰው የሚጨነቀው። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የቀረ ሰውም ለምን ቀረሁ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ይኑር። ስለ ተፈናቃዮች ራሽን ደግሞ፦ ሙሉው በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ እህልና አንድ እፍኝ የማይሞላ ክክ። እሱም በሰዓቱና ሳይቀነስ ሲደርስ ነው። ቁጥሩን ያዙት፣ «ተረጂ ቁጭ ብሎ ይበላል» ለሚል ሰው መልስ ይሆናል።

አሁን ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለዘንድሮው ዘመን መለወጫ በእድራችን በኩል የሚሰጥ ማንኛውም ድጋፍ የተቀባዩ ፎቶ እንዳይነሳበት ይወሰን። ዱቄቱና ዘይቱ በሸማቾች ሱቅ ይቀመጥ፣ ተቀባዩ ኩፖን ይዞ እንደማንኛውም ሸማች ሄዶ ያውጣ። መሄድ የማይችሉ አዛውንቶች ቤታቸው ይድረሳቸው፤ ወጣቶቹ ጉልበት አላችሁ። ስምና ፊርማ በመዝገብ ይያዝ፣ መዝገቡን ሁለት ከእድሩ፣ አንድ ከሰጪዎቹ ያረጋግጡ። ሰጪዎች ፎቶ ከፈለጉ የተከመረውን ዱቄት ያንሱ፣ ራሳቸውንም ያንሱ፣ ደስ ይለናል፣ እናመሰግናቸዋለን። ይህን የማይቀበል ሰጪ ካለ ግን ዱቄቱን ይዞ ይመለስ። ይህን የምለው ቤቴ ዱቄት ሞልቶ አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ረቂቁን ጽፌ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ዳኛችን ለድምፅ ያቅርቡልን። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ፣ እዚሁ ቆሜ እመልሳለሁ።